የግራው ክንፍ ልብስ

«ይቀደዳላ! ሌላ ምን ይደረጋል?»

ይህን የሰማችው ከማእድ ቤት ሆና ነው። ሻይ በሦስት ብርጭቆ ቀድታ፣ ትሪውን አንስታ ልትወጣ ስትል እግሯ ደፉ ላይ ተተክሎ ቀረ። መቅደድ ለእሷ ብርቅ አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ በቀን ስንቴ መቀስ ታነሳለች፣ የስንቱን ሰፊ ጥፋት ስትተረትር ትውላለች። የአሁኑ ግን ምን እንደሚቀደድ ወዲያው ስለገባት ክው አለች። ሳሎን ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ሆነው ጡረታ የወጡት ታላቅ ወንድሟ፣ ሌላው ከበረራ ቁጥጥር ቢሮ በዓመት አንዴ ብቅ የሚለው ተቆጣጣሪ። በሁለቱ መካከል በእንጨት እግሮች ላይ የተጋደመ፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ተነስቶ፣ በሩ በተነቀለው መተላለፊያ አልፎ፣ ጫፉ የመምህሩ መኝታ ቤት ውስጥ የሚያድር የአውሮፕላን ክንፍ ነበር። ክንፉ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ያለበሰችው እሷ ናት።

«መምህር፣ ደንቡን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል» ይል ነበር ተቆጣጣሪው። «ክንፍ ጨርቅ ከመልበሱ በፊት ውስጡ መታየት አለበት። የቀኙን አሳይተው፣ ተፈርሞለት ነው የለበሰው። ይሄኛውን ማን አየው? ጨርቁስ ግሩም ነው፤ ግን ሰውን አየር ላይ የሚሸከመው ከውስጥ ያለው እንጨት ነው። ሳላየው ብፈርም እርስዎን ገደልኩ ማለት እኮ ነው።»

«አይቀደድም» አሉ መምህሩ። «እህቴ ዓይኗን ያፈሰሰችበት ነው። የሷን ልፋት በመቀስ ከምሸረክት ነገሩ ከነጭራሹ ቢቀር ይሻለኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ሻዩ እንዳይፈስባት ትሪውን መልሳ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን መሥራት የጀመሩት ጡረታ ሳይወጡ ነው። ገላዋ አልቆ፣ ሞተሯ ተገጥሞ፣ ከከተማው ዳር ባለው የበራሪዎች ክበብ መጠለያ ውስጥ ሸራ ተከናንባ ቆማለች፤ ቀኝ ክንፏም እዚያው ግድግዳ ተደግፎ አለ። የቀረው ይህ ግራው ብቻ ነበር። እንጨቱ ከተገጣጠመ ቆይቷል፤ ተቆጣጣሪው በመጣ ቁጥር ግን መምህሩ «ገና ነው፣ የሚቀረኝ ነገር አለ» እያሉ ይመልሱት ነበር። ባለፈው የዝናብ ወራት ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ሲገቡ፣ እህት ሆዬ ባዶ ቤት ውስጥ ከዚያ አጥንቱ ከገጠጠ ክንፍ ጋር ብቻዋን ተፋጠጠች። አንጀቷ አልቻለም። ጨርቁ ከተገዛ ሰንብቷል፣ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ነው፤ የቀኙ ክንፍ ሲለብስ ካውያ እያሞቀች ያቀበለችው እሷ ናት፤ ታዲያ ምን ይገዳታል? ከሰው ቀሚስ የተረፋትን ጊዜ ሁሉ ለክንፉ ሰጠች። ጨርቁን ወጥራ ዳር ዳሩን አጣበቀች፤ ካውያውን ለብ አድርጋ እያስኬደች እንደ ከበሮ አጠበቀችው፤ ከዚያም በእያንዳንዱ የክንፉ ጎድን ላይ በረጅም መርፌ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየወጋች፣ እየቋጠረች ሰፋችው። በመጨረሻ የቀባችው ቀለም ሽታ ራሷን አዙሮ አስተኝቷት ነበር። መምህሩ ከሆስፒታል ወጥተው፣ ትከሻዋን ተደግፈው ሲገቡ ክንፉን አይተው በሩ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ጨረስሽው?» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ደንብ የሚባል ነገር መኖሩን ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲህ አልነገሯትም። እሷም እንባውን ከደስታ ቆጠረችው።

አሁን ማእድ ቤት ውስጥ ቆማ ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት፤ ወይም የተገለጠላት መሰላት። ጋሼ ከሆስፒታል የመጡ ዕለት ሥራዋ የስንት ዓመት ልፋታቸውን ገደል እንደከተተው አውቀው፣ ቅር እንዳይላት ብለው ዋጥ አድርገውታል። ይኸው ዛሬም ለእሷ ሲሉ አይቀደድም ይላሉ። ደግ ሠራሁ ብላ ስትኩራራ፣ ለጎረቤት ስታሳይ፣ «ጫፉን ዳስሱት፣ ቋጠሮው እጅ ይነካል?» እያለች ደንበኞቿን ስታስዳስስ መክረሟ ትዝ ሲላት በሐፍረት ፊቷ ጋለ። ሻዩን ይዛ ስትገባ ተቆጣጣሪው ብድግ አለላት። ጨዋ ሰው ነው፤ ሸሚዙ በላብ ወዝቷል፣ የጫማው ተረከዝ በአንድ ጎን አልቋል፤ ከቢሮ ሹም ይልቅ የመንገድ ሻጭ ይመስላል።

«እትዬ፣ እንዲህ ያለ ስፌት እንኳን ሰው ቤት ፋብሪካም አላየሁ» አላት።

«ሰምቻለሁ እኮ ልጄ» አለች። «ይቀደድ ካልክ ይቀደድ። እኔ እንደሆንኩ መልሼ እሰፋዋለሁ፣ ምን…»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ!» አሉ መምህሩ።

አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ሲኖሩ እንዲህ ተናግረዋት አያውቁም። ይህንንም ከፍቅር ቆጠረችው። ተቆጣጣሪው ሻዩን ቆሞ ፉት አለ፤ የመምህሩ ብርጭቆ ግን እንደተቀዳ ቀዘቀዘ። መምህሩ እንግዳ ባለበት ብርጭቆ ማንሳት ከተዉ ሰንበትበት ብለዋል። ተቆጣጣሪው ሊወጣ ሲል በሁለቱም መካከል፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጎ ተናገረ፤ ሜዳው ላይ የሚያያቸው የክበቡ አውሮፕላኖች አሉ፤ አመሻሹ ላይ ሲመለስ በዚህ በኩል ያልፋል፤ ከክንፉ ሥር አንድ ክንድ የምታህል ቦታ እንኳ ተከፍታ ካገኘ አይቶ ዛሬውኑ ይፈርማል፤ ካልሆነ የዛሬ ዓመት። የዛሬ ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሦስቱም ያውቁታል። ሐኪሙ ለመምህሩ የበራሪነት ጤና ምስክር ሲሰጣቸው፣ ከዚህ በኋላ እንዳይመጡብኝ ብሎ ነው የሰጣቸው። ዘንድሮ ያልተነሳች አውሮፕላን ለመምህሩ የዶሮ ማደሪያ ናት።

ምሳ ሾርባ ነበር። ገበታው ከክንፉ ጎን ጋር ትከሻ ለትከሻ ስለሆነ፣ ዘወትር ሲበሉ አንዱ ክርኑን ጨርቁ ላይ እንዳያስደግፍ ይጠነቀቃል። ቤቱ ከእናት ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ ሦስት ክፍል፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ዘይት ቀለም የተቀባ። እሷ ባሏን ፈትታ ስትመለስ መምህሩ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ማሽኗን መስኮቱ ሥር አስቀመጡላት፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ስለ አውሮፕላኗ አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው አታውቅም። በዚህ ቤት ሰው ለሰው የሚያስብለት ዝም በማለት ነው። መምህሩ ሾርባቸውን አንዴ ሳይቀምሱ ዳር ዳሩን ሲያዩት ቆዩና ሳህኑን ገፋ አደረጉት።

«አልጣፈጠህም እንዴ ጋሼ?»

«ጥሩ ነው። ሜዳ ደርሼ ልምጣ። ልጆቹ አውሮፕላኖቹን ሲገፉ ብቻቸውን ናቸው።»

ልጆቹ የሚሏቸው ሽበት ያወጡ የክበቡን አባላት ነው፤ አውሮፕላን ለመግፋትም የእሳቸው እርዳታ የሚያስፈልግበት ዘመን አልፏል። ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ከመስኮቱ ሆና እስከ መታጠፊያው ድረስ አየቻቸው፤ ትንሽ ከሄዱ በኋላ ሁለቱንም እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ጀርባቸው አሳዘናት። ለእኔ ብሎ ነው፣ ለእኔ ብሎ ነው እያለች ሳህኑን አነሳች።

ብዙም ሳትቆይ የባንክ ጸሐፊዋ መጣች። ጉርድ ቀሚሷን ልታስሰፋ ነው፤ «ጨርቁ ነው የተኮማተረው እንጂ እኔማ ያው ነኝ» አለች፤ ልብስ ሰፊዋም ደንበኛ የሚለውን ሁሉ ለማመን የተከፈላት ስለሆነ አመነች። ሴትየዋ ልብስ ለመለካት ከክንፉ ጀርባ ዞረች፤ ይህ ክንፍ እዚህ ቤት ከተጋደመ ጀምሮ የከተማው ሴቶች የሚያወልቁት የሚለብሱት ከኋላው ሆነው ነው። ስለ ክር ዋጋ አወሩ። ዚፕ ከጨርቁ እኩል ሊወደድ ምንም አልቀረውም፤ ቁልፍ የሚሸጠው ሰውዬ ደግሞ ነጠላ አልሸጥም፣ በደርዘን ካልገዛችሁ ማለት ጀምሯል። ጸሐፊዋ አፏ ሥራ አይፈታም።

«ካፕቴን መቼ ነው ታዲያ የሚነሱት? እኔማ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ።»

«ዘንድሮ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ።

«እኔንም ያሳፍሩኛል?»

«አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው።»

«ውይ! ይሄ ሁሉ ዘመን ለአንድ ሰው?» አለችና ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያው ወሬ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች። ለአንድ ሰው ነው፤ አዎ። ያ አንድ ሰው የሰው ወንበርና የሰው በር ሲሠራ ኖሮ ለራሱ ይህን ብቻ ነው የፈለገው። እሱም በእሷ ስፌት ሊቀር ነው። ከጸሐፊዋ የዋጋውን ግማሽ ተቀበለች፣ ነገ ነይ አለቻት፤ በሩን ዘጋች፤ ከቆየች ልቧ እንዳይመለስ ፈርታ ወዲያው ምላጩን አነሳች።

ክንፉን ብቻዋን መገልበጥ ስለማትችል ሥሩ ገብታ በጀርባዋ ተኛች። ሲሚንቶው በቀሚሷ አልፎ ቀዘቀዛት። ከታች ሆና ስታየው ስፌቷ እንደ ተጠነቀቀ ሰው እርምጃ እኩል እኩል ወርዷል። አለቀሰች፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ሲፈስ ኮረኮራት፤ በክንዷ ጠረገችው። ከዚያ እንደ ሰፊ ነው እንጂ እንደ ቀዳጅ አልሠራችም። የአንዱን ጎድን ቋጠሮ አንድ በአንድ በምላጭ ጫፍ በጥሳ ክሩን መዘዘች፤ ጨርቁን በሦስት በኩል ሰንጥቃ እንደ ኪስ ክዳን ገለበጠችው፤ ኋላ መልሳ ስትገጥመው እንዳይሸበሸብ ዳሩን በእርሳስ አሰመረችበት። የታፈነ የእንጨትና የቫርኒሽ ሽታ ፊቷ ላይ ወረደ። ጎድኖቹ ከትልቁ ተሸካሚ እንጨት ጋር በሚገናኙበት ቦታ ኮላው ወፍራም ሆኖ ፈስሷል፣ ወርዶ ወርዶ ደርቋል። ጋሼ ኮላ አይሰስትም ብላ ደስ አላት። በልብስ ቢሆን ትጠረጥር ነበር፤ ክር የሚያበዛ ሰፊ ስፌቱን የማያምን ነው። እንጨት ግን የሷ ሙያ አይደለም፤ እሷ የምታውቀው የወንድሟን እጅ ነው፣ የወንድሟ እጅ ደግሞ በከተማው የታወቀ ነው። ከሥሩ ወጥታ ቀሚሷን አራገፈች፤ ወለሉን ጠረገች፤ የተመዘዘውን ክር ሰብስባ ጣለች፤ ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚተኛበት ንጹሕ ብርድ ልብስ አነጠፈች። ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ ሙሉ ሆኖ ወረደ።

ቀድመው የመጡት መምህሩ ናቸው። ብርድ ልብሱን አዩ፤ ምላጩን ማሽኑ ላይ አዩ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተንበረከኩና ወደ ሥር አጎነበሱ። ይቆጣሉ ወይም ያለቅሳሉ ብላ ለሁለቱም ተዘጋጅታለች፤ የምትለውንም ቃል ስታጠና ነው የቆየችው።

«ለኔ ብለህ እንዳትቀር ብዬ ነው ጋሼ። ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ይሰፋል። አይቶ ይፍረምልህና ነገ ጠዋት እንደ ነበረ አድርጌ…»

«ስፊው» አሉ።

«አዎ፣ ካየው በኋላ…»

«አሁን! ሳይመጣ ስፊው። ክሩ የት አለ? መርፌውን አምጪው፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ!»

ራሳቸው ተነስተው መሳቢያዋን ከፈቱ፤ የክር ድውሩን ሊያወጡ ሲሉ አመለጣቸውና ተንከባሎ ክንፉ ሥር ገባ። ያኔ እጃቸውን አየች። ስታየው የኖረችውን እጅ አሁን ገና አየችው። ጣቶቻቸው የራሳቸው አይመስሉም፤ ማንም ሳይነካቸው ይርገበገባሉ። ብርጭቆው፣ ያልተቀመሰው ሾርባ፣ ኪስ ውስጥ የተከተቱት እጆች፣ ተቆጣጣሪው በመጣ ቁጥር የሚሉት «ገና ነው» ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባት። ያን ዕለት በሩ ላይ ያየችባቸውን እንባም መልሳ አሰበችው። የደስታ ነው ማለቷ ልክ ነበር፤ የደስታ ነው። ማንም እንዳያይ የተሸፈነለት ሰው ደስታ።

«ጋሼ፣ ውስጡ ምን ሆኖ ነው?»

«እጄ ነው» አሉ። «ስጠርበው አልገጥም አለኝ። እንደገና ብጠርብ ባሰ። ክፍተቱን በኮላ ሞላሁት። ኮላ ደግሞ አይሸከምም።»

«ታዲያ በዚህ ልትበር ነበር?»

«አንድ ጊዜ ይበቃኝ ነበር» አሉ። «ነፋስ በሌለበት ቀን። አንድ ጊዜ ተነስቼ ሜዳውን ዞሬ ብወርድ ይበቃኝ ነበር።»

ብትወድቅስ ልትላቸው አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ መልሱን አወቀችው፣ ዘጋችው። በዚህ መካከል የሞተር ብስክሌት ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

ተቆጣጣሪውን ከሜዳ አፈናጦ ያመጣው የክበቡ ጥበቃ ነው፤ እሱም የራስ ቁሩን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ተቆጣጣሪው ክንፉ ተከፍቶ ሲያይ ፊቱ በራ። «እንዲህ ነው እንጂ መምህር! ይኸው አለቀ በቃ» አለ፤ ለብርድ ልብሱም ልብስ ሰፊዋን አመሰገናት፤ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዞ በጀርባው ተኛና ጭንቅላቱን ከክንፉ ሥር አስገባ። ሰዎቹ የሚያዩት ከወገቡ በታች ያለውን ብቻ ነበር። መጀመሪያ አፉን አሞጥሙጦ ሲያፏጭ ይሰማል። ቆይቶ ፉጨቱ ቆመ። በቁልፍ እንጨቱን ኳ ኳ አደረገ፤ ጆሮውን አስጠግቶ ደገመው። እንደ ምላጭ የሳሳ ብረት ከኪሱ አውጥቶ መገጣጠሚያው ላይ ሞከረ፤ ብረቱ ከእንጨትና ከእንጨት መካከል፣ ምንም ሊገባበት በማይገባው ቦታ፣ ሰተት ብሎ ገባ። ሌላኛውንም ሞከረ። ሌላኛውንም። ልብስ ሰፊዋ ከቆመችበት ሆና ብረቱ ሲገባ ሲወጣ ይሰማት ነበር። ሲወጣ ፀጉሩ ላይ የደረቀ ኮላ ፍርፋሪ ተበትኗል። ተቀምጦ መምህሩን ሳይሆን ባትሪውን እያየ፣ ሌላ መልስ እንዲሰጡት የሚለምን በሚመስል ድምፅ ጠየቀ።

«መምህር፣ ይሄን ያጣበቀው ማን ነው?»

መምህሩ ወደ በሩ አዩ። ጥበቃው ቆሟል፤ የሱን ሁለት ልጆች አስተምረዋል። በዚህ ከተማ መጋጠሚያው የማይታይ ወንበር ከተገኘ የሠራው መምህሩ ነው፣ ካልሆነም የመምህሩ ተማሪ ነው ይባላል። ሚስት አላገቡም፣ ልጅ የላቸውም፣ የጡረታቸውን ነገር ባናነሳው ይሻላል፤ ያላቸው ይህ ወሬ ብቻ ነው።

«እሷ ናት» አሉ።

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

«ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ነው። ጎድኖቹን እኔ ጠርቤ አዘጋጅቻቸው ነበር፤ የቀረው ማጣበቅ ነበር። ልትረዳኝ ብላ ነው፤ ምን ታርግ፣ እንጨት አታውቅ። ስመጣ ለብሶ አገኘሁት። ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ዝም አልኩ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የተሰማት ቁጣ አልነበረም፤ ብርድ ነው፣ ያ የሲሚንቶ ብርድ ከጀርባዋ ተነስቶ መላ አካላቷን ወረሳት። ወንድሟ ግን አላዩዋትም። ክንፉን ነው የሚያዩት፤ አገጫቸው ብቻ እንደሚያኝክ ሰው ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። አይደለሁም ብትል ይታመንላታል፤ ተቆጣጣሪውን እጃቸውን ያዝልኝ፣ እየው ብትለው ነገሩ ያበቃለታል። ይህን አሰበች፤ አሰበችና የሚቀርላቸውን ነገር ፈለገች። ምንም አጣችላቸው።

«እኔ ነኝ» አለች።

ተቆጣጣሪው ረጅም ትንፋሽ አወጣ። መልሱ ገላግሎታል፤ ያ የሚያከብረው ሰው ከነክብሩ ቀረለት። ከዚያ በኋላ ያለው የቢሮ ሥራ ነው። ክንፉ የማይጠገን መሆኑን ጻፈ፤ ማንም ወስዶ እንዳይጠቀምበት በተከፈተው በኩል ተሸካሚው እንጨት ላይ በቀይ ቀለም ዳር እስከ ዳር አሰመረበት፤ በዚህ ሳምንት በመጋዝ ለሁለት እንዲቆረጥ አዘዘ። ይሉኝታ ይዞት «አዲስ ግራ ክንፍ መሥራት ይችላሉ እኮ መምህር፤ ለእርስዎ እጅ ምን አላት» አላቸው። መምህሩም «እንሠራለን እንጂ» አሉት። ሲወጣ ልብስ ሰፊዋን ደጅ ድረስ ይዟት ሄደና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ላስከፋዎት ብዬ አይደለም። ግን በማያውቁት ነገር እጅዎን አያስገቡ። ሰው ይሞት ነበር። ወንድምዎ ይሞቱ ነበር።»

«አላወቅኩም ልጄ» አለች። «ይቅር በለኝ።»

«እኔን ሳይሆን እሳቸውን ነው ይቅርታ የሚጠይቁት» አለና ከጥበቃው ኋላ ተፈናጦ ሄደ። አቧራው በኖ እስኪጠፋ ድረስ ደጁ ላይ ቆመች። ቤት መግባት አስጠላት። እዚያው ከቀሚሷ ኪስ ሳንቲም ፈልጋ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደች።

ዳቦ ቤት ሰልፍ ነበር። የዕለቱ ዳቦ አልቆ የትናንቱን በቅናሽ ይሸጣሉ፤ ሰዉም ቅናሹ አነሰ እያለ ያጉረመርማል። ወረፋው ሳይደርሳት የጥበቃው ሚስት ከኋላ መጥታ ትከሻዋን ነካች። ወሬ በሞተር ብስክሌት ሲጫን እንዴት እንደሚፈጥን!

«አንቺ ነሽ አሉ ክንፉን ያበላሸሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔን! ምን ነክቶሽ ነው? እንደዚያ የለፋ ሰው! አሁን ምን ይሆናል ያ ምስኪን?»

«ልረዳው ብዬ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ፊት ያሉት ሁለት ሰዎች ዞረው አዩዋት። አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ነገ ይህንኑ ለባንክ ጸሐፊዋ ትላለች፣ ከነገ ወዲያ ለቁልፍ ሻጩ፤ መምህሩ በሕይወት እስካሉ ትላለች፣ ሲሞቱም ለለቀስተኛ ትላለች። ከዚህ ወዲያ ልብሱን አምኖ የሚሰጣት ሰው ይኖር እንደሁ እንጃ። ሁለት ዳቦ ገዝታ ተመለሰች።

መምህሩ ገበታው ጋ ተቀምጠዋል። መብራት አላበሩም፤ ፊታቸው እየደበዘዘ ነበር። ክንፉ አጠገባቸው ሆዱ ተከፍቶ እንደተጋደመ ነው። ዳቦውን ጨርቅ ላይ አስቀመጠች፣ መብራቱን አበራች፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ይቅርታ የሚሉ መስሏት ጠበቀች። ይቅርታ ባይሉም «እጄ እኮ ነው» እንኳ ቢሏት፣ አንዴ ብቻ ስሟን ቢጠሯት፣ ትችለው ነበር።

«መንገድ ላይ ማንን አገኘሽ?» አሉ።

«የጥበቃውን ሚስት።»

«ሰምታለች?»

«ሰምታለች።»

«ምን አለች?»

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን አየቻቸው። ዓይናቸው አፏ ላይ ተተክሎ፣ ከሐኪም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ይጠብቃሉ።

«ለአንተ አዘነች» አለች። «በእኔ ፈረደች።»

የመምህሩ ትከሻ ቀስ ብሎ ወረደ። እጃቸውን ከገበታው ሥር አውጥተው ወደ ዳቦው ሰደዱት፤ ቢርገበገብም ሊደብቁት አልሞከሩም፤ እሷ እንደሆነች አውቃለች። ቆረሱ። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም ነበር፤ ጥሩ አድርገው በሉ።